ጆንያው ውስጥ ምን ነበር?

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ወራት አመንትቻለሁ። የተደበደበው ሰው ዛሬም ጎንደር ውስጥ ሠርቶ አዳሪ ነው። የደበደቡት ደግሞ ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶቼ ናቸው። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም። ሰፈሩንም ወደ ማራኪ አካባቢ ነው ከማለት አላልፍም። ፎቶውን የለጠፈውን የፌስቡክ ገጽም ስሙን ትቼዋለሁ። የሆነውን ግን እንዳየሁት፣ ያላየሁትንም ከነበሩት ሰዎች ጠይቄ እንደተረዳሁት እነግራችኋለሁ።

መስከረም 2017 ዓ.ም ነው። ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ። ልብስ አጥቤ ሽቦ ላይ እያሰጣሁ ነበር። ከውጭ "ልዋጭ! ልዋጭ አለ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ልዋጭ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ በምትኩ ሳፋ፣ ጆክ፣ ባልዲ የሚሰጥ ነጋዴ ነው። በአንድ እጁ የተደራረበ ፕላስቲክ፣ በትከሻው የሰበሰበውን ልብስ የያዘ የማዳበሪያ ጆንያ።

ከኛ ግቢ 2 ቤት አልፎ የሚኖሩ አንዲት እናት 2 ሱሪና አንድ ጃኬት ሰጥተው ሰማያዊ ጆክ ወሰዱ። የልጅ ልጃቸው 4 ዓመቷ ነው። ቀይ ኩባያ አየችና ዓይኗ እዚያ ቀረ። ልዋጩ ኩባያዋን በነጻ ሰጣት። ሰውየው ዕቃውን አንስቶ ሲሄድ እሷም ኩባያዋን ይዛ ተከተለችው። ልጅ ነች። ኮብልስቶኑን ጨርሰው ወደ አስፋልቱ መታጠፊያ ሲደርሱ አያትየው ከቤት ወጡ። ልጅቷ የለችም።

"ልጄን! ልጄን ወሰዳት!"

ያን ጩኸት የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። እኔም እጄ ላይ የነበረውን ልብስ ጥዬ ሮጥኩ። ስንደርስ ሰው ከቦታል። አንዱ አንገቱን ይዟል። አንዱ "ያው እሱ ነው፣ ጆንያውን እዩት!" ይላል። ልጅቷ ከሰውየው 2 እርምጃ ርቃ ቆማለች። ቀይ ኩባያዋን በ2 እጇ ጨብጣለች። ማንም አላያትም። ሁላችንም የምናየው ጆንያውን ነው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጆንያውን ነበር። ይህን አልደብቅም።

ጆንያውን ገለበጡት። ጃኬት፣ ጉርድ ቀሚስ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የተቀደደ አንሶላ ወጣ። ከዚያ አንዲት ትንሽ የሕፃን ሹራብ ወደቀች። ሰው ሁሉ ጮኸ። "የሕፃን ልብስ! የማን ልጅ ናት?" ሹራቧን የሰጠችው ከላይኛው መንገድ ያለች ሌላ እናት ነበረች፤ በዚያው ጠዋት፣ በሳሙና ማስቀመጫ ለውጣ። ያን ግን ያወቅነው ኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ሹራቧ ማስረጃ ሆነች። ድንጋይ ተወረወረና ከቅንድቡ በላይ መታው። ደሙ ዓይኑን ሸፈነው።

ያዳነው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁን ሰው መሀል አስገብቶ አቆመና ወርዶ "ልጅቷ ይቺ ናት! እዚሁ ናት! እዩዋት እንጂ!" እያለ ጮኸ። ያኔ ነው ዓይናችን ወደ ልጅቷ የዞረው። ፖሊስ መጥቶ ሰውየውን ወሰደው። ከሰዓት በኋላ አያትየው ቃላቸውን ሰጡ፤ በማግስቱ ተለቀቀ። ጉዳዩ በፖሊስ በኩል በዚህ አበቃ። ሰፈራችን ውስጥ ግን አላበቃም።

ከዚያች ቅዳሜ በፊት የሰማነው

ያን ቀን የደበደቡት ሰዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልቅሶ የሚደርሱ፣ የታመመ የሚጠይቁ ናቸው። ታዲያ አንድ ልዋጭ በየሳምንቱ የሚያልፍበት ሰፈር በአንዲት ጠዋት ልጅ ሰራቂ እንዴት አየበት? መልሱን ለማግኘት ክረምቱን ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

በመጀመሪያ እውነቱን እናስቀምጥ። ፍርሃታችን ከመሬት አልተነሳም። በክልላችን ጦርነት አለ። እገታ አለ። ሰው ለገንዘብ ይታገታል። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ደባርቅ ለኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከታጋቾቹ መሀል የሚያውቁት ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ውስጥ አንዲት ሕፃን ታግታ ተገደለች። ከተማው በቁጣ አደባባይ ወጣ። ያንን ሳምንት ጎንደር የነበረ ሰው አይረሳውም። ሕፃናቶቻችንን አቅፈን ነው ያደርነው።

በነዚህ መሀል ሌላ ዜና መጣ። ነሐሴ 2016 ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ተደፍራ ስለተገደለች የ7 ዓመት ሕፃን ሁሉም ሰው አወራ። ስልኩን የከፈተ ሁሉ የልጅቷን ፎቶ አየ። እናቶች አለቀሱ። ጎረቤቴ "ትናንት ነው አሉ፣ ባሕር ዳር እኮ ቅርብ ነው" አለችኝ። ትናንት አልነበረም። ወንጀሉ የተፈጸመው ከዓመት በፊት፣ በ2015 ክረምት ነው። ሰውየው ተይዞ፣ ተከሶ፣ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። አገር የሰማው እናትየው ደኅንነቷ እንደተነካ ስትናገርና ጉዳዩ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣ ነው። በክልሉ ለወራት ተዘግቶ የቆየው የሞባይል ኢንተርኔትም በዚያው በ2016 ክረምት ነው የተመለሰው። ለዓመት ያህል ሳንሰማ የቆየነው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ እላያችን ላይ ፈሰሰ። የዓመቱ ወንጀል የሳምንቱ መሰለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን በየቡናው ስናገር ሰው ፊቱ ይቀየራል። የባሕር ዳሩ ወንጀለኛ መንገደኛ አልነበረም። ጆንያ ተሸክሞ የመጣ ሰው አልነበረም። የሚኖሩበት ቤት አከራይ ነበር። በግቢው ውስጥ ያለ፣ ልጅቷ የምታውቀው ሰው። በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ነው። እኛ ግን ዜናውን ሰምተን የቆለፍነው የውጩን በር ነው። የተጠራጠርነውም በበሩ የሚያልፈውን ነው።

ለምን? በአብዛኛው የአቀራረቡ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ያየሁትን ልዘርዝር። ፎቶ፣ የሻማ ምስል፣ የሐዘን ሙዚቃ፣ "ልጆቻችሁን ጠብቁ" የሚል ጽሑፍ። ከማን? አይልም። አከራይ መሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ፣ ታች፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ተቀምጧል። ብዙ ሰው እስከዚያ አያነብም። ቪዲዮውን የሚያይ ደግሞ ጨርሶ አያገኘውም። "ጠብቁ" የሚለው ቃል ያለ ባለቤት ሲቀር አእምሯችን ባለቤት ይፈልግለታል። የሚያገኘውም የማናውቀውን ሰው ነው።

ቪዲዮው

ከቅዳሜዋ 5 ወይም 6 ቀን በፊት አንድ ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ ዞረ። እኔ ያየሁት ጎረቤት ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞሮ ደረሰኝ። አንድ ሰው በጆንያ የሆነ ነገር ተሸክሞ ይሮጣል። ሰው ይከተለዋል። ይይዙታል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል። በላዩ ላይ የሴት ድምፅ በአማርኛ "ወገኖቼ፣ ሕፃናት በጆንያ እየተሰረቁ ነው፣ ጎንደር ገብተዋል፣ ሼር አድርጉ" ትላለች። ሁሉም ሴቶች ደረታቸውን ያዙ። እኚያ የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁ እናትም እዚያው ነበሩ።

ከድብደባው በኋላ ያንኑ ቪዲዮ አስልኬ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ተማሪ ሳለሁ ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ፤ ቢያንስ ድምፅ ለይቶ መስማት ተምሬበታለሁ። ከአማርኛው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። የሚጮኸው ሕዝብ የሚናገረው አማርኛ አይደለም። ትግርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አገውኛም አይደለም። የማላውቀው ቋንቋ ነው። ከኋላ የሚታየው ሱቅ ላይ ያለው ጽሑፍ በኛ ፊደል አይደለም። መኪናው የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነው፤ እኛ አገር በቀኝ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አያሳይም። ሕፃን አይታይም፣ ሲከፈትም አይታይም። ሕፃን ነው ያለችው ድምፅዋ ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ ለማየት 10 ደቂቃ አልፈጀብኝም። ችግሩ ያን 10 ደቂቃ የሰጠሁት ሰውየው ከተደበደበ በኋላ መሆኑ ነው። ቡናው ላይ ስልኩን ስቀበል እኔም ደረቴን ይዤ ነበር። "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር" ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ ያለው ሰው ግን የልጅ ወሬ ሲሰማ መላው ይጠፋዋል። ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ተመልካች ገንዘብ ነው። የተሰረቀ ሕፃንን የሚያህል ተመልካች የሚሰበስብ ነገር ደግሞ ጥቂት ነው።

እናም ያቺን ቅዳሜ ጠዋት አያትየው ከቤት ሲወጡ ጆንያ የያዘ ሰው አዩ። ልጃቸውን አላዩም። በመሀል ያለውን ክፍተት ቪዲዮው ሞላላቸው። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ? እሳቸው ግን እባቡንም ያዩት በስልክ ነው።

ሁለተኛው ድብደባ

ከድብደባው በኋላ የሆነው ከድብደባው የባሰ ይመስለኛል። እሱ በአካል የተደበደበው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ በፎቶ ግን እስካሁን እየተደበደበ ነው።

በደም የተሸፈነ ፊቱን አንድ ወጣት ፎቶ አንስቶት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ሰውየው ገና ጣቢያ እያለ፣ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የከተማው ገጽ ለጠፈው። ከላይ "ሕፃን ሰርቆ ሊሰወር ሲል እጅ ከፍንጅ ተያዘ" ይላል። ተጠርጣሪ የሚል ቃል የለበትም። ሊሆን ይችላል የሚል የለበትም። "እጅ ከፍንጅ" የሚለው ሐረግ ግን አለ። ይህ ሐረግ በኛ ቋንቋ ክርክር አያስተርፍም፤ ፍርድ ነው። አስተያየቶቹን አነበብኩ። "ለምን በሕይወት ተያዘ?" ይላል አንዱ። ከሥሩ ብዙ ሰው ደግፎታል።

ማታ አንድ ሬዲዮ ላይ "ሕፃን በመስረቅ የተጠረጠረ ግለሰብ በቁጥጥር ሥር ዋለ" የሚል አጭር ዜና እንደሰማች ጎረቤቴ ነገረችኝ። እሱ እንኳ "የተጠረጠረ" ብሏል። ቢሆንም ሰው ዘንድ የደረሰው "ሬዲዮም ተናገረው" የሚለው ነው። ገጹ የለጠፈው ላይ ሬዲዮው ማኅተም ሆነበት። በማግስቱ ሰውየው ሲለቀቅ ገጹ ዝም። ሬዲዮውም ዝም። መያዙ ዜና ነው፤ መለቀቁ ዜና አይደለም።

የዚህ ጉዳይ ልብ ለኔ ይህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ "ሚዲያ ያጋንናል" ብሎ ያልፈዋል። ማጋነን አለ። ከማጋነኑ የባሰው ግን ወሬውን ጀምሮ አለመጨረስ ነው። ሲያዝ ይነግሩናል፤ ሲፈታ አይነግሩንም። ሲከሰስ እንሰማለን፤ ፍርድ ቤቱ ያለውን አንሰማም። በጭንቅላታችን ውስጥ የተጠራቀሙት ወንጀሎች ሁሉ አጋማሽ ላይ የቆሙ ታሪኮች ናቸው። ሰራቂው ተያዘ፣ ከዚያ ምንም። ከተማዋ በሰራቂ ተሞልታ ማንም የማይቀጣባት ሆና ብትታየን ምን ይገርማል?

የድሮው የሬዲዮ የፖሊስ ፕሮግራም ትዝ ይለኛል። አባቴ ሳያዳምጠው አያልፍም ነበር። ወንጀሉ ይተረካል፣ ክትትሉ ይተረካል፣ በመጨረሻ "በዚህን ያህል ዓመት እስራት እንዲቀጣ ተወስኗል" ይባላል። አባቴ "ደግ አደረጉ" ብሎ ሬዲዮውን ያጠፋና ይተኛል። ያ ፕሮግራም የራሱ ችግር ነበረበት። ፖሊስ ሁልጊዜ ያገኛል፣ የተያዘው ሁሉ ጥፋተኛ ነው፣ በስህተት የታሰረ ሰው አይነሳም። ፖሊስን የሚጠይቅ ዘገባ አልነበረም። ቢሆንም ታሪኩ ጫፍ ነበረው። አባቴ የሰማው ወንጀል ከእንቅልፉ አያባንነውም ነበር። ዛሬ እኔ በአንድ ምሽት የማየው ብዙ ነው፤ አንዱም አያልቅም።

አጥኚዎች የሚሉት

ይህ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። ጆርጅ ገርብነር የሚባል ምሁር ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ቴሌቪዥን አጥንቷል። ቴሌቪዥን አብዝተው የሚያዩ ሰዎች ትንሽ ከሚያዩት ይልቅ ዓለም ክፉ ነች፣ ሰው አይታመንም፣ የጥቃት ሰለባ የመሆን ዕድላችን ብዙ ነው ብለው እንደሚያስቡ አገኘ። ተቨርስኪና ካነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ደግሞ በ1973 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደሚደርስ የሚገምተው ምሳሌው ወደ አእምሮው በሚመጣበት ፍጥነት እንደሆነ አሳዩ። ቶሎ ትዝ ያለን ነገር ብዙ ጊዜ የሚሆን ይመስለናል። ጆንያው ቶሎ ትዝ ይለናል። ልዋጩ ለዓመታት በሰላም ገብቶ የወጣባቸው ጠዋቶች ግን አንዱም ትዝ አይለንም፤ ምንም ስላልሆነባቸው።

ከአሜሪካ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከ1993 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ) ባለው ጊዜ በፖሊስ የተመዘገበው የኃይል ወንጀል መጠን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጋሎፕ የሚባለው ድርጅት በዚያው ዘመን ካደረጋቸው 27 መጠይቆች በ23ቱ ግን ቢያንስ 60 በመቶው ሰው "በአገሪቱ ወንጀል ካለፈው ዓመት ጨምሯል" ብሏል። ስለራሳቸው አካባቢ ሲጠየቁ "ጨምሯል" የሚሉት ያንሳሉ። በዓይኑ ስለሚያየው ሰፈር ሰው ረጋ ብሎ ይናገራል፤ በስክሪን ስለሚያየው አገር ይደነግጣል።

እኛ አገር ወንጀል ቀንሷል ማለቴ አይደለም። እንዲያ ብዬ ብናገር የታገቱብንን ልጆች ቤተሰቦች እበድላለሁ። ያች የሰፈርና የአገር ልዩነት ግን ጎንደርም አለች። ማራኪ ያለ ሰው "እኛ ጋ እንኳ ደህና ነው፣ አዘዞ ነው አሉ የባሰው" ይላል። አዘዞ ላለች አክስቴ ደወልኩላት። "ኧረ እኛ ጋ ምንም የለም ልጄ፣ ማራኪ ነው ሕፃን በጆንያ ተያዘ የተባለው" አለችኝ። የኛ ልዋጭ አዘዞ ደርሶ ነበር። ጆንያው ውስጥም ሕፃን ገብቶበት።

እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ይገድላል። በጥቅምት 2011 በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ከተማ ሁለት የሕክምና ተመራማሪዎች በሕዝብ ተወግረው ተገድለዋል፤ ሦስተኛው ክፉኛ ቆስሏል። ከትምህርት ቤት ልጆች ለምርምር ናሙና ሊወስዱ የሄዱ ሰዎች ናቸው። "ልጆቻችንን ሊገድሉ መጡ" የሚል ወሬ ቀድሟቸው ነበር። እዚያም የተሰበሰበው ወላጅ ነው። እዚያም የሰውን ቁጣ የቀሰቀሰው ልጁን መውደዱ ነው። ይህን ሳስብ ያንን ባጃጅ ነጂ እጁን ስሜ ብመጣ ደስ ይለኛል።

ሰፈሩ ከዚያ በኋላ

ከድብደባው በኋላ በነበሩት ወራት ጎረቤቶቼን እየዞርኩ ጠየቅሁ። መጠይቅ አልያዝኩም፤ ቡና ይዤ ነው። "ያኔ ምን ሆኖ ነበር?" ብቻ እላለሁ። ሁሉም ስለ ጆንያው ያወራል። ሁሉም ስለ ሕፃን ሹራቧ ያወራል። ሰውየው በማግስቱ ነጻ ሆኖ እንደተለቀቀ የሚያውቁት ግን ያን ቀን እዚያው የነበሩት ብቻ ናቸው። ከነሱም መሀል አንዱ "ተለቋል፣ ግን ገንዘብ ሰጥቶ ይሆናል" አለኝ። በማስረጃ ነጻ የወጣ ሰው በወሬ ነጻ አይወጣም።

አያትየውን ለብቻቸው አገኘኋቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ጮህኩ። ሰውየው ጥፋት የለበትም። ኩባያዋን በነጻ ነው የሰጣት። ይህንን ለሁሉም እነግራለሁ። የሚሰማኝ የለም።" ኩባያዋ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረች። ውኃ ሲጠጡባት አላየሁም።

ልዋጮች ወደ ሰፈራችን መምጣት አቆሙ። ልጆች ደጅ መጫወት ቀነሱ። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለባጃጅ በወር ኮንትራት ሰጡ፤ በእግር 10 ደቂቃ ለሚሆን መንገድ። ገንዘቡ ከአስቤዛ ነው የሚቀነሰው። በግቢያችን 3 ተከራይ፣ 2 ዘመድ፣ አንድ ዘበኛ አለ። ማን ከልጆቹ ጋር ለብቻው ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔ ጠየቅሁ። ቅር የተሰኘብኝ ሰው ነበር። "አንቺ ሰው አታምኚም እንዴ?" አለኝ። ጆንያ የያዘውን ሰው አለማመን ጥንቃቄ ሲባል ግቢ ውስጥ ያለውን መጠየቅ ስድብ ሆነ።

ለገጹ ጻፍኩለት። በትሕትና። ሰውየው ነጻ ነው፣ ልጅቷ አልተሰረቀችም፣ አያትየው ይመሰክራሉ፣ እባካችሁ አርሙ አልኩ። መልስ መጣ፤ "ያኔ የደረሰን መረጃ ነው" የሚል። እርማት የለም። ሕጉን አንብቤ መልሼ ጻፍኩ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ 3፣ ክስ ላይ ያለ ሰው እንኳ ጥፋቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ይህ ሰው ደግሞ ክስ እንኳ አልቀረበበትም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት ያስከትልበታል። ከዚህ በኋላ ፎቶው ወረደ። ያለ ምንም ቃል፣ በሌሊት። ማንም እንዲታሰር አልፈለግሁም። የፈለግሁት አንድ መስመር ነበር፤ "ሰውየው ንጹሕ ነው" የምትል። እሷ አልተጻፈችም። ፎቶው ደግሞ በሌሎች ገጾች ላይ አለ። ባለፈው እንኳ የሌላ ከተማ ስም ተሰጥቶት አየሁት።

ስለ ጋዜጠኞቹ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የከተማችንን የኤፍኤም ጋዜጠኞች አውቃለሁ፤ አብረውኝ የተማሩ አሉ። ሥራቸው ቀላል አይደለም። መንገድ ይዘጋል፣ መረጃ የሚሰጥ ባለሥልጣን አይገኝም፣ ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ መዝገብ የሚከታተል ሰው ለመመደብ አቅም የለም። ፖሊስ "ያዝኩ" ብሎ መግለጫ ሲሰጥ ያ መግለጫ ተጽፎ፣ ተዘጋጅቶ ይመጣላቸዋል። "ለቀቅሁ" የሚል መግለጫ ግን የሚሰጥ የለም። ስለዚህ መለቀቁን ለመዘገብ መሄድ፣ መጠየቅ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንዱን ጓደኛዬን "በሳምንት አንድ ቀን፣ ባለፈው ወር የዘገባችኋቸው ምን ደረሱ ብላችሁ ለ5 ደቂቃ አቅርቡ" አልኩት። አሰበበት። "እሺ፣ ለአለቃዬ አቀርባለሁ" አለኝ። እየጠበቅሁ ነው።

ሰውየውን በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቅዳሜ ገበያ አገኘሁት። እሱ አላወቀኝም። ከቅንድቡ በላይ ያለችው ጠባሳ ናት ያስታወቀችኝ። ሰላም ብዬው ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ "ልጅቷ ደህና ናት?" ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ወደ ማራኪ በኩል እንደማይመጣ፣ አሁን የሚሠራው በሌላ አቅጣጫ እንደሆነ ነገረኝ። ሳፋዎቹ እንደ ድሮው ተደራርበዋል። የሰበሰበውን ልብስ የያዘበት ግን ጆንያ አልነበረም። ወፍራም፣ ውስጡን የሚያሳይ ነጭ ላስቲክ ነው። ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ ጫማው ከውጭ ይታያል። ዝናብ እንዳያስገባ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"አይ፣ ዝናብስ ጆንያው ይሻል ነበር" አለኝ። "ሰው ውስጡን እንዲያየው ነው።"